በሚያስብ ሰው ላይ በር አይዘጋም

አገራችን መሬት የላትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ አንዱ አንባቢ ተነሥቶ «ታዲያ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ የት ነበር የተካሄደው?» እንዳይለኝ ነው። የተካሄደው በኮምፒውተርና በስልክ ውስጥ፣ አንድ ኩባንያ በፈቀደልን ገጽ ላይ ነው። እንደ አገር ሁሉ ሰንደቅ ዓላማ ነበረን። ካርታም ነበረን፤ ሦስት ወንዝና አንድ ባሕር ሥለንበት ነበር፤ ባሕሩን ያከልነው በስተምሥራቅ በኩል ወረቀቱ ባዶ እንዳይመስል ነው። ዜጎቿ በየከተማው ተበትነን በሌላ ሥራ የምናድር ሰዎች ነን። እኔ የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ። አንዱ ደንበኛ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ ግን የእጄን ዘይት ጠርጌ ስልኬን አነሣና የአገሪቱ ሸንጎ መዝገብ ያዥ እሆናለሁ። ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ጨጓራዬ እንዲህ ባልተላጠ ነበር።

ሸንጎው አሥራ ሰባት ወንበር ነበረው። አንድ ጉዳይ ለውሳኔ ሲቀርብ የአባላቱ ስም በሰሌዳ ላይ ይወጣና ከእያንዳንዱ ስም ጎን «ደግፌአለሁ» ወይም «ተቃውሜአለሁ» ይጻፋል። ሁለቱንም ያላለ ካለ ከስሙ ጎን «እያሰበ ነው» የሚል ይወጣል። የመከራችን ሁሉ ምንጭ ይህች ሐረግ ናት።

አመጣጧ እንዲህ ነው። አገሪቱ በተመሠረተች በሁለተኛው ወር የሰንደቅ ዓላማችን ቀለም ለውሳኔ ቀረበ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ሁለት ቀን ሳይገባ ቀረ። እኛም ቸኮልንና ያለ እርሱ ወስነን ዘጋነው። መብራቱ ሲመጣ ሰውየው ገብቶ ሰንደቁ ተሰቅሎ አገኘው። ተቀየመ። ቅያሜው የዋዛ አልነበረም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈገን። ሽማግሌ ላክን፣ ይቅርታ ጠየቅን፣ በመጨረሻም ዳግመኛ ማንም እንዳይቀየም አንቀጽ አራትን አጸደቅን፦ «ድምፅ ያልሰጠ አባል ቀርቷል አይባልም፤ እያሰበ ነው ይባላል። በሚያስብ ሰው ላይ በር አይዘጋም።» ሁላችንም አጨበጨብን። አንቀጹን በመዝገብ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን እጄን በቆረጠው። ሰውየው ታርቆ ከተመለሰ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። እስከ መጨረሻው ድረስ ግን እያሰበ ነበር።

ከአንቀጹ ጋር አንድ ልማድ አብሮ መጣ። አባል ሁሉ በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ የሐሳብ ደብተር ይሰጠዋል። እስኪወስን ድረስ ሐሳቡን እዚያ ላይ ይጽፋል፤ እርሱ ራሱ ካልሆነ በቀር ማንም አያነበውም። ድምፁን የሰጠ ዕለት ደብተሩ ለጽሕፈት ይዘጋና ለንባብ ይከፈታል፤ ሰውየው ምን አስቦ እንደወሰነ ዜጋ ሁሉ እንዲያይ። የሚከፍተው ሰው አይደለም፤ ገጹ ራሱ ነው። ለእኔ ለመዝገብ ያዡ እንኳ የሚታየኝ የገጹ ብዛት ብቻ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አንዱ አባል አገባ፣ አንዱ ሥራ በዛበት፣ ሁለቱ እንደኛው መሬት ወደሌላት ነገር ግን ጦርነት ወዳለባት ሌላ አገር ኮበለሉ። በግልጽ «ተሰናበትኩ» ያለ ግን አንድም ሰው የለም፤ ነውር ነዋ! ከአሥራ ሰባቱ የምንገባ ስድስት ቀረን። አሥራ አንዱ ያስባሉ። ያልተዘጋ ውሳኔ መቶ አርባ ሦስት ደረሰ። አንዲት ዜጋ ስለወለደች እንኳን ማርያም ማረችሽ እንበላት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ልጁ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል፤ እኛ ገና አላልናትም።

ሰዎቹን ለምን ደውላችሁ አትቀሰቅሷቸውም የሚል ይኖር ይሆናል። የሚያስብን ሰው መጎትጎት በእኛ አገር እንደ ስድብ ነው።

ታዲያ ሕጉን አናሻሽልም? እናሻሽላለን እንጂ! ስድስታችንም መሻሻል አለበት ባዮች ነበርን። በዚህ ዓለም ላይ ምንም ተቃዋሚ የሌለው ማሻሻያ ያየሁት በእኛ ሸንጎ ነው። ሊቀ ሕጋችን አቶ ተካልኝ ነው፤ በሌላው ኑሮው መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች የመንገድ ምልክት ያስተምራል። እርሱ ረቂቅ ቁጥር ሰማንያ ስምንትን አዘጋጀ፦ ስድስት ወር ያልገባ አባል ወንበሩ ይለቀቅ። ረቂቁ ቀረበ። ስድስት ደገፉ። አንድም አልተቃወመም። አሥራ አንዱ፣ ይሰናበቱ ወይስ አይሰናበቱ የተባሉት ራሳቸው፣ እያሰቡ ነው። ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ሆነው።

ተካልኝ በዚህ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። ለሚያስቡት የሚያስብ ሁለተኛ ምክር ቤት ይቋቋም አለ፤ ይህም ለውሳኔ ቀረበ፤ ስድስት ለዜሮ፣ አሥራ አንድ ያስባሉ። የማሻሻያ ኮሚቴ ይቋቋም አለ፤ ስድስት ለዜሮ። ኮሚቴው የሚቋቋምበትን ሥርዓት የሚያሻሽል ኮሚቴ ይቋቋም አለ፤ አሁንም ስድስት ለዜሮ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! አርባ አንድ ረቂቅ መዝግቤለታለሁ። አርባ አንደኛው ከመጀመሪያው የሚለየው በቀኑ ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል ገጹን የፈቀደልን ኩባንያ አንድ መልእክት ላከ። አገልግሎቱን ሊያቆም ነው። በወሩ በሠላሳኛው ቀን፣ ቀን በስድስት ሰዓት፣ ሁሉም ይጠፋል፤ ሰንደቁም ባሕሩም ደብተሮቹም። ወደ ሌላ ገጽ እንሰደድ የሚል ሐሳብ በዚያው ዕለት ቀረበ። ስድስት ለዜሮ። አሥራ አንዱ ስለ ስደቱ ማሰብ ጀመሩ።

ያኔ ነው ሁላችንም የደነገጥነው። አፈ ሸንጎው አቶ ይርዳው ድንኳን አከራይ ነው፤ ለሰርግም ለለቅሶም ያከራያል፤ ስለዚህ ለማንኛውም ነገር የሚሆን ረጋ ያለ አነጋገር አለው። «ክቡራን» አለ፣ «ነውር ቢሆንም የሚያስቡትን በለዘብታ የሚያስታውስ ቀስቃሽ ኮሚቴ ለጊዜው ይቋቋም።» ማንም ድምፅ ይሰጥበት ሳይል ኮሚቴው እኔ ሆንኩ።

ሁለቱ ቁጥሮች አይሠሩም። ሦስተኛው ሰው አነሣና «ወንድሜ፣ እኔን አትቁጠሩኝ፤ ተውኩት» አለኝ። ደስ ብሎኝ ለሸንጎው አቀረብኩ። ይርዳው መሰናበቻው የሚጸናው ሸንጎው ሲቀበለው ነው አለና ለውሳኔ አቀረበው። ስድስት ደገፉ፤ የተቀሩት ያስባሉ፤ ተሰናባቹ ራሱም ድምፅ ስላልሰጠ፣ ልሰናበት ወይስ አልሰናበት እያለ በሰሌዳው ላይ ማሰቡን ቀጠለ። ስልኩን ልወረውረው ቃጥቶኝ ነበር።

አራተኛው ጋሽ ወንድይፍራው ነበሩ። ከመሥራቾቹ በዕድሜ ትልቁ፣ ጨዋ፣ ከተናገሩ በልክ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ረቂቅ ሰማንያ ስምንት ከቀረበ ወዲህ በጉባኤ አንድ ቃል ጽፈው አያውቁም። የደብተራቸው ገጽ ቁጥር ግን በየቀኑ ሲጨምር አየው ነበር። ከወራት በኋላ ቆመ። ሐሳቡ ጠልቆባቸው ነው ብለን አከበርናቸው።

ስልኩን ያነሣችው ሴት ናት።

«ጋሽ ወንድይፍራው አሉ?»

«ማን ልበል?»

«ከሸንጎው ነው። መዝገብ ያዡ ነኝ።»

«የምን ሸንጎ? ... አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ እኮ ነው።»

ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሙሉ ከስማቸው ጎን ምን ስጽፍ እንደኖርኩ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ልዘጋ ስል እርሷ ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ስልኩ ላይ የሚጽፍላችሁ እናንተ ናችሁ?»

ስሟ ሐመልማል ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ጉሮሯቸውን ታመው፣ በመጨረሻዎቹ ስምንት ወራት መናገር አቅቷቸው ነበር። ያስታመመቻቸው እርሷ ናት። «ወረቀትና እስክሪብቶ አልጋው አጠገብ አኖርኩለት» አለችኝ። «‹ውሃ› ይልልኛል፣ ‹መስኮቱን› ይልልኛል፣ በቃ። ስልኩ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ይጽፋል። ለማን ነው ስለው ‹ለአገር› ብሎ ጻፈልኝ። ለእኔ የሚለው እንደሌለው ገባኝ። ወይ ተቀይሞኛል አልኩ፤ ምን እንዳደረግኩት ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሞተ በኋላ ስልኩ ተሰብሮ፣ ቁጥሩን ወደ ሌላ ስልክ ባዛውርም የጻፈው ሁሉ የት እንደገባ ጠፋኝ።»

መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። «እኛ ጋ አለ» አልኳት። «ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ።»

«ልየው?» አለች፤ ልጅ እናቷን ስታስፈቅድ እንደምትለው።

እንግዲህ የቀረው ቀላል ነበር፤ ወይም ለጤነኛ ሰው ቀላል በሆነ ነበር። የሞተ ሰው አያስብም፤ ስለዚህ የሞተው አባል ደብተር ለልጁ ይከፈት ብዬ ለሸንጎው ጻፍኩ። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለ ይርዳው። «እጅግ ያሳዝናል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰውየው የሞቱት በእኛ አገር ነው ወይስ በውጭ?»

«በውጭ ነው» አለች ወይዘሮ እታፈራሁ። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያላት፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ናት። «ሆስፒታሉም መቃብሩም ውጭ ነው። በእኛ ግዛት ሞት ተመዝግቦ አያውቅም።»

«ልጅቱ የሞት ምስክር ወረቀት ልካለች» አልኩ።

«የማን ማኅተም አለበት?»

«የቀበሌ።»

«ከዚያ ቀበሌ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት የለንም» አለች። እየቀለደች አልነበረም።

ተካልኝ ገባበት። «አንቀጽ አራት የሚለው ‹ድምፅ ያልሰጠ አባል› ነው፤ ‹ድምፅ ያልሰጠ በሕይወት ያለ አባል› አይልም። ሕግ አውጪው እንዲህ ማለት ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ይለው ነበር።»

«ሕግ አውጪው እኮ እኛ ነን!» ብዬ ጻፍኩ።

«ነበርን» አለኝ።

ክፉ ሰዎች ሆነው እንዳይመስላችሁ። እታፈራሁ ከልቧ አልቅሳለች፤ በድምፅ ልካልኝ ሰምቻለሁ። ይርዳው ለሐመልማል የማጽናኛ ደብዳቤ ጽፎ የአገር ልጅ የሚል ማዕረግ እንዲሰጣት ሐሳብ አቀረበ። ሰንደቁ ሦስት ቀን ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብም ሌላ ሐሳብ ቀረበ። ሁለቱም ስድስት ለዜሮ። በሰሌዳው ላይ ከጋሽ ወንድይፍራው ስም ጎን፣ ለራሳቸው ሐዘን ሰንደቅ ዝቅ ይበል ወይስ አይበል በሚለው ላይ «እያሰበ ነው» የሚል ወጣ።

ለሐመልማል ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኳት። ምን ብዬ እንደነገርኳት አላውቅም፤ በየመካከሉ «ሥርዓቱ ነው» እያልኩ ነበር። ሰምታኝ ስትጨርስ «እሺ፣ ጋሼ። ስለ ደከሙልኝ አመሰግናለሁ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የማልክደው አንድ ነገር አለ። መውጫው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታይቶኝ ነበር። አንቀጽ ሠላሳ አንድ፣ መብራት ወይም መስመር የጠፋበት አባል ለመዝገብ ያዡ ደውሎ ድምፁን ያስመዘግባል ይላል። መዝገብ ያዡ ቁጥሩን ያረጋግጣል፤ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይመዘግባል። የሰውየውን ድምፅ ይለይ አይልም። ሐመልማልን ያገኘኋት በአባቷ ቁጥር ነው። ግን ይህን ካደረግኩ ሞቷል ብዬ በራሴ እጅ የጻፍኩትን ሰው ደገፈ ብዬ በራሴ እጅ ልጽፍ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሐሰት መዝግቤ አላውቅም። በዚህች መሬት በሌላት አገር የሚታመን ነገር ቢኖር መዝገቤ ነው እያልኩ እኮራ ነበር። ስለዚህ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሸንጎው አንድ ቀን ወደ ልቡ ይመለሳል እያልኩ ጠበቅኩ። እነርሱን እሰድባለሁ እንጂ እኔስ ከማን እሻላለሁ?

ሠላሳኛው ቀን ደረሰ። ሸንጎው ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስቧል። አጀንዳው አንቀጽ አራትን ማሻሻል፤ ተካልኝ አርባ ሁለተኛውን ረቂቅ ይዞ ቀርቧል። ረቂቁ ሲጸድቅ የሽግግሩን ጊዜ ማን ይምራ በሚለው ላይ ክርክሩ ጦፈ። አገሪቱ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ዕድሜ ቀርቷታል፤ እነርሱ ሽግግሩ ስድስት ወር ይሁን ወይስ አንድ ዓመት ይባባላሉ። ይርዳው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አንቸኩል እንጂ ክቡራን» ሲል አነበብኩ። ጠረጴዛዬ ላይ የአንዲት ልብስ ሰፊ መኪና ተፈታትቶ ተዘርግቷል፤ ማታ ሳይሆን አሁን ልወስደው ብላ ሴትየዋ ደጅ ቆማለች። «ነገ ነይ» አልኳት። ተቆጥታኝ ሄደች። ከዚያ ደወልኩ።

«የአባትሽ ቁጥር አሁንም ይሠራል?»

«ይሠራል። መስመሩ እንዳይቋረጥ በየወሩ ወደ ራሴ እደውልበታለሁ» አለች ሐመልማል። «ምነው?»

«በእርሱ ደውይልኝ። ሁለት ጥያቄ እጠይቅሻለሁ። መልስ ብቻ ስጪኝ፤ ሌላ አንዲት ቃል እንዳትናገሪ።»

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የጋሽ ወንድይፍራው ስም በስልኬ ላይ በራ። ሥርዓቱ በሚያዝዘው አነጋገር ጠየቅኩ፦

«ክቡር የሸንጎው አባል፣ ረቂቅ ቁጥር ሰማንያ ስምንትን አስበው ጨርሰዋል?»



«ጨርሻለሁ» አለች።

«ድምፅዎ ምንድን ነው?»

«ደግፌአለሁ።»

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መዘገብኩት። በሰሌዳው ላይ ሰባት ለዜሮ፣ አሥር ያስባሉ የሚል ወጣ፤ ደብተሩም ተከፈተ።

«ያውልሽ፣ ተከፍቷል፤ መግቢያውን ልኬልሻለሁ» አልኳት። «ጊዜ የለሽም፤ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሣሽ አስቀሪ። ከመጨረሻው ጀምሪ።»

«ለምን ከመጨረሻው?»

«የሸንጎ ሰው መጀመሪያ ላይ ሕግ ነው የሚጽፈው። ቁም ነገሩ የሚመጣው ሲደክመው ነው።»

ወደ ሸንጎው ተመለስኩ። ሰባት የሚል ቁጥር ካዩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሐሰተኛ ልባል ነው፣ ልሻር ነው ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የጻፈው ይርዳው ነው።

«ክቡራን፣ እንባዬን መግታት አቃተኝ። ጋሽ ወንድይፍራው ድምፅ ሰጡ!»

«ሞተዋል ተብሎ አልነበረም?» አለች እታፈራሁ።

«የሞተ ሰው ድምፅ አይሰጥም» አለ ተካልኝ። «እርሳቸው ሰጥተዋል። ስለዚህ አልሞቱም።»

ሁሉም በዚህ ተስማሙ። የሰንደቁ ሐዘን እንዲቀር ሐሳብ ቀረበ። ከዚያ የመጣውን ግን በሕልሜም አልጠበቅኩትም። ተካልኝ፣ ለማሻሻያው ሦስት ዓመት የደከመው ተካልኝ ራሱ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እኔ ተሳስቻለሁ። ዛሬ ያየነው አንቀጽ አራት እንደሚሠራ ነው። ሦስት ዓመት ታገሥን፤ ሰውየው አስበው መለሱ። የተቀሩት አሥሩም ይመልሳሉ። ረቂቄን ሁሉ አንሥቻለሁ።» ረቂቅ ማንሣት ድምፅ አያስፈልገውም፤ በአገራችን ሕግ ወዲያው የሚፈጸም ነገር ቢኖር እርሱ ብቻ ነው። አርባ ሁለቱም ረቂቆች በአንድ ጊዜ ከሰሌዳው ወረዱ፤ አንዴ የተከፈተ ደብተር ግን ረቂቁ ቢነሣም ክፍት ይቆያል። ከአንቀጽ አራት ወዲህ ሸንጎው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ሠርቶ ጨረሰ።

እግዚኦ! ልጮህ ከጅሎኝ ነበር። «የሰማሁት የልጅቱን ድምፅ ነው፤ ሰውየው አፈር ሆነዋል፤ አገሪቱም ከአንድ ሰዓት በኋላ ትጠፋለች!» ብዬ ጽፌ፣ ጣቴን መላኪያው ላይ አድርጌ ቆየሁ። ሐሰት ነው ካልኩ ግን ድምፁ ይሰረዛል፤ ድምፁ ከተሰረዘ ደብተሩ ይዘጋል። የጻፍኩትን አጠፋሁት። ንዴቴን ዋጥኩ፤ ሐሰቴንም አብሬ ዋጥኩ። በደብተሩ ግርጌ ስንት ሰው እያነበበው እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር አለ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አንድ እንዳለ ቀረ። ከሸንጎው ሰዎች ማንም አልከፈተውም፤ ስለ ትዕግሥት ንግግር እያደረጉ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲል ይርዳው «ይህ የዛሬው ትዕግሥታችን ለመጪው ትው» ላይ ደርሶ ነበር። ገጹ ነጭ ሆነ። ባሕሩም ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አምስቱ ተጠራርተው በሌላ ቦታ አዲስ አገር እየመሠረቱ መሆናቸውን ሰማሁ። መዝገብ ያዥ ሁንልን ብለው ጻፉልኝ። «አልሆንም» ብዬ መለስኩ፤ አንዲት ቃል፣ ሰላምታ የሌላት። ተቀይመውኛል አሉ። ይቀየሙ።

ሐመልማል የደወለችው በሳምንቱ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መኪናውን አቁሜ አነሣሁ። እስከ ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ድረስ ከኋላ ወደ ፊት መጥታ ሰዓቱ ደርሶባት ነበር። ያልደረሰችባቸው ሠላሳ ሰባቱ ገጾች ጠፍተዋል።

«ሕግ ነው እሱ» አልኳት። «አይቆጭሽ።»

«አልቆጨኝም። አንድ ቦታ ላይ የጻፈውን ላንብብልዎት?» ብላ ሳትጠብቀኝ አነበበች። «‹እደግፋለሁ ማለትን የወሰንኩት በሁለተኛው ቀን ነው። እኛ የማንመጣ ሰዎች ወንበር መያዛችን ልክ አይደለም። ግን ድምፄን ከሰጠሁ ደብተሩ ይዘጋል። ከተዘጋ ነገ የምናገርበት አይኖረኝም። ይቅር ይበሉኝ፤ ትንሽ ላቆያቸው።›»

ከወንበሬ ላይ ተነሥቼ እንደገና ተቀመጥኩ። የመዘገብኩት እውነት ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አለኝም፤ ግን ምን ያደርጋል? ሦስት ዓመት ሙሉ የረገምኳት አንቀጽ ለአንድ በሽተኛ ሰው መናገሪያ ሆና ኖራለች።

«አልተቀየመኝም ነበር» አለች ሐመልማል። «በየገጹ አለሁ። ፀጉሬን ስሠራ እንዳየኝ ጽፏል። በር ላይ ቆሜ ሳለቅስ ሰምቶኛል። ደግሞ ሾርባዬ...» ሳቅ ቀደማት። «ሾርባዬ ጨው ይበዛበታል ብሎ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጽፏል። ቆጥሬዋለሁ። ጉሮሮውን እንዴት እንደሚያቃጥለው ሳይቀር ጽፎታል። ወረቀቱ እኮ አጠገቡ ነበር፤ ጋሼ! ‹ጨው ቀንሺ› ማለት ምን ያቅተዋል?»

«ቅር እንዳይልሽ ነው» አልኳት።

ሳቋ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

«ስምንት ወር ሙሉ ጨርሶ ነው ሳህኑን የሚመልስልኝ።»